ደርቤ የመረጠው መኪና

በደባርቅ አሮጌ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ደርቤ ቤት ነበር። ደርቤ ሠላሳ አንድ ዓመት ባለ ተሳቢ ነድቷል። በወጣትነቱ አሰብ ድረስ፣ በኋላም መተማና ሽሬ ሲመላለስ ጸጉሩ ሸብቷል፤ አንድ ቀን እንኳ ገልብጦ አያውቅም። መንዳት ካቆመ በኋላም ስሙ አልደበዘዘም። “ደርቤ ያየው ነው” ከተባለ ሻጩ ዋጋ ይጨምራል፣ ገዢውም ብዙ አይከራከርም። ሞተር ሲነሳ አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና “ካምቢዮው ዘይት ጠምቶታል” ወይም “ሦስተኛው ፒስተን ታሟል” ይላል። ሲፈታ እንዳለው ይገኛል።

ሰው ያላወቀው፣ የደርቤ ጆሮ ከከዳው አራት ዓመት እንዳለፈው ነው።

ድንገት የመጣ ነገር አልነበረም። መጀመሪያ የጠፋው ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው። የማለዳ ወፎች ጫጫታ ጠፋ፤ ከዚያ የስልኩ ጥሪ፤ ከዚያ ማኅሌት ላይ የጸናጽሉ ድምፅ። ሴቶችና ልጆች ሲያወሩት አፋቸው ሲንቀሳቀስ ያያል፣ ከቃሉ የሚይዘው ግን ግማሹን ነው። የወንድ ጎርናና ድምፅ ይሰማዋል። ሞተርም ይሰማዋል። “ሞተር እየሰማሁ እንዴት ደንቆሮ እባላለሁ?” ይል ነበር ለራሱ።

የምታውቀው ሚስቱ ካሳነሽ ብቻ ናት። “ጎንደር ሄደህ ታየው፤ ማሽን ያደርጉልሃል” ብትለው አልሰማ አላት።

“ማሽን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ገበያ ልውጣ? አንዴ ጆሮው ሄደ ከተባለ ማን ይህን በር ያንኳኳል?”

እርሷም ሰው ሲመጣ አጠገቡ እየተቀመጠች፣ ያመለጠውን ጥያቄ ድምፅዋን አወፍራ እየደገመችለት ኖረች። ሰው ይህን ሲያይ የሚተሳሰቡ ባልና ሚስት ናቸው ይላል።

ገዱ የመጣው በሚያዝያ መጨረሻ ነው። ገዱ የዳባት ልጅ ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ ለሰው ሲነዳ የኖረ ሾፌር። አሠሪው መንገዱ አላስተማምን ሲለው መኪናውን ሸጦ ወደ ባሕር ዳር ከሄደ ወዲህ ሥራ ፈትቷል። ሚስቱ ዘቢደር ሁለት ሴት ልጆችና አንድ ጡት ያልጣለ ወንድ ልጅ ወልዳለታለች። አባቷ ባለፈው ዓመት ሲሞቱ የተዉላት ነገር ቢኖር ግቢያቸው ውስጥ የቆመ አንድ ተሳቢ ነበር። ጎማው ደህና፣ ሸክሙን የሚችለው ሻንሲም ጤነኛ ነው፤ በዙሪያው ግን ሣር በቅሎበታል፤ ዶሮዎች ከሥሩ ይተኛሉ።

“አያ ደርቤ፣ ተሳቢውን እግዜር ሰጠን” አለ ገዱ። “የሚጎትተውን መኪና ደግሞ እርስዎ ይምረጡልን።”

“ስንት ዓመት ያገለገለ ትፈልጋለህ?”

“ዓመቱን ተዉት። በሬዎቹን ሸጠናል፣ የዘቢደርንም ሱቅ ዘግተናል፤ ያም ሆኖ አቅማችን አሮጌ ላይ ነው የሚያርፈው። ከአሮጌው ውስጥ ዳገት ላይ ጥሎኝ የማይቀረውን ነው የምፈልግ።”

ደርቤ ሳቀ። “ዳገት ምን ችግር አለው? ዳገት ላይ ቢያቅተው ይቆማል፣ ትወርዳለህ፣ ትረግመዋለህ። ባለ ተሳቢ በመጎተቱ አይመረጥም፤ ሁሉም ይጎትታል። ቁም ነገሩ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ተሳቢው ጭነቱን ይዞ ከኋላ ሲገፋው መያዝ መቻሉ ላይ ነው። እኔ የምመርጥልህ የሚይዝልህን ነው።”

ገዱ ይህን ቃል ማታ ለዘቢደር ነገራት። እርሷም ደስ አላት። የሚያውቅ ሰው እጅ ውስጥ ገባን አለች።

ሦስት መኪና አዩ። የመጀመሪያው ጎንደር ነበር፤ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ፣ ወንበሩ አዲስ ልብስ የለበሰ። ደርቤ በጀርባው ተንሸራቶ ከሥሩ ገባ፣ በጥፍሩ ሻንሲውን ፋቅ ፋቅ አደረገና ወጣ። “ከሁለት ተሰብሮ የተበየደ ነው። ባዶውን ይሄዳል፤ ተሳቢ ስትሰቅልበት ለሁለት ይከፈላል” አለ። ሻጩ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ኋላ አንገቱን ደፋ።

ሁለተኛው እዚያው ደባርቅ ነበር። ሞተሩ ጠንካራ፣ ዘይቱ ንጹሕ፣ ባለቤቱም ጨዋ ሰው። ደርቤ ግን የተሳቢ ማያያዣውን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። “ይህ መኪና ሲሠራ ተሳቢ እንዲጎትት አልተሠራም። ማያያዣውን ጋራዥ ነው የለጠፈለት። ፍሬኑ ለራሱ ብቻ የሚበቃ ነው።” ገዱ ዋጋው ልቡን ወስዶት ነበር፤ ቢሆንም ተወው። በሁለቱም ደርቤ ልክ ነበር። በኋላ ሰዎች ይህን እያነሱ ነው የተከራከሩት፤ ሁለቱን እንዲያ ያወቀ ሰው ሦስተኛውን እንዴት ሳያውቅ ቀረ?

ሦስተኛው ዳባት፣ አንድ የተዘጋ ነዳጅ ማደያ ጓሮ ቆሞ ነበር። ያመጣው ስሜነህ የሚባል ደላላ ነው። አሮጌ የጣሊያን ሥሪት፣ አፍንጫው ደፍጣጣ፣ ቀለሙ በፀሐይ የነጣ። ደርቤ ገና ከሩቅ ሲያየው እግሩ ፈጠነ። አሰብ ሲመላለስ የነዳው ይህንኑ ዓይነት ነበር።

የግንቦት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዘቢደርም ሕፃኑን አዝላ መጥታለች፤ ያለ ያላቸው ሁሉ የሚገባበትን ነገር በዓይኗ ማየት ፈልጋ ነው። ካሳነሽ ግን አልመጣችም፤ እህቷ ታማባት ወደ በየዳ ሄዳ ነበር።

ደርቤ ሥራውን ጀመረ። ዘይቱን በጣቱ ነክቶ አሸተተ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ ዳበሰ፣ የትኛው ጎን እንደተበላ አየ። ከሥር ገብቶ ሻንሲውን ፋቀ፤ ብየዳ የለበትም። የማያያዣውን ብረት ወዘወዘ፤ አይነቃነቅም። ከዚያ “አስነሳው” አለ።

ሞተሩ ተነሳ። ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ ደርቤ ከእግሩ ጫማ እስከ ደረቱ ሰማው። እጁን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ቆመ። ለረጅም ጊዜ አንድን ነገር እንዲህ ሙሉ በሙሉ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ወጣትነቱ የተመለሰ መሰለው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። “ይህ ሞተር ገና አልደከመም” አለ።

ጋቢና ውስጥ ገብቶ ዳሽቦርዱን ሲያይ የአየር መለኪያው ቀስት ዜሮ ላይ ተኝቷል። ፍሬኑ በአየር የሚሠራ መኪና ነው፤ አየሩ ከሌለ ፍሬን የለም።

“መለኪያው ነው የሞተው እንጂ አየሩ ሙሉ ነው” አለ ስሜነህ ከታች ቆሞ፣ በጎርናና ድምፁ። “ደሞ ለአያ ደርቤ መለኪያ ምን ያደርግለታል? ጆሮ እያለው!”

ሁሉም ሳቁ። ደርቤም ሳቀ። መለኪያው የሞተ መኪና ድሮም ብዙ አይቷል። ሞተሩን ማጥፋት፣ ፍሬኑን መርገጥ፣ ማዳመጥ ነው። አየር የሚወጣ ከሆነ ያፏጫል፤ ካላፏጨ ደህና ነው። ሞተሩን አጠፋ። ፍሬኑን ረገጠ። አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

ምንም አልሰማም። ፍጹም ጸጥታ ነበር።

ከጋቢናው በታች ግን ከኋላው ጎማ አካባቢ ቀጭን ፉጨት ይወጣ ነበር። ገዱ ሰማው፤ ወደ ደርቤ ቀና ብሎ አየ። ስሜነህም ሰማው፤ ዓይኑን ወደ ጫማው አወረደ። ዘቢደር ወደ ጋቢናው በር ጠጋ ብላ ጠየቀች።

“አያ ደርቤ፣ ይህ የሚያፏጨው ምንድን ነው?”

ደርቤ ዓይኑን ሲገልጥ የሴትዮዋ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየ። ከጥያቄው የያዘው “ምንድን ነው” የምትለዋን ብቻ ነበር። እንድትደግምለት መጠየቅ ይችል ነበር። ስሜነህ ቆሟል፣ ከመንገድ የተሰበሰቡም አራት አምስት ሰዎች ቆመዋል። ውጤቱን ነው የጠየቀችኝ ብሎ አሰበ።

“ደህና ነው” አላት። “ምንም የለበትም። ግዙት።”

ገዱ ወደ ሚስቱ ጎንበስ ብሎ “እኔም ሰምቼው ነበር። እሳቸው ደህና ነው ካሉ ደህና ነው” አላት። ከዚያ እስከ ወቀን መንገድ ድረስ ነድተው ሞከሩት፤ ፍሬኑ ጥርት አድርጎ ያዘ። ሞተሩ እየሠራ ሳለ የሚወጣው አየር በሚገባው ይሸፈን ነበር፤ ችግሩ የሚመጣው ሞተሩ ሲጠፋ ነው። በሳምንቱ ውል ተፈራረሙ።

አራት ሳምንት ያህል ደስታ ሆነ። ገዱ ተሳቢውን አጥቦ ሰቀለው፤ ከዳባት ነጭ ሽንኩርት፣ ከደባርቅ ድንችና ገብስ ወደ ጎንደር አወረደ። ስልክ ደውሎ “ምርጫዎ ወርቅ ነው በይልኝ” ሲል ለካሳነሽ መልእክት ይነግራታል። የአየሩን ነገር ግን አልረሳውም። ጠዋት ጠዋት ከመነሳቱ በፊት፣ አየሩ እስኪሞላ፣ ሞተሩን ሃያ ደቂቃ ያህል አስነስቶ ማቆየት ነበረበት። አንድ የጎንደር መካኒክ አየሩን የሚያፈሰው ቫልቭ መቀየር አለበት ብሎት ዕቃው ገበያ ላይ አልተገኘም። የያዝሁት ማዳበሪያ የማመላለስ ሥራ ይጠናቀቅና እፈልገዋለሁ አለ። እስከዚያ ተዳፋት ላይ ሲቆም ሞተሩን አያጠፋም ነበር።

ሰኔ አሥራ አንድ ቀን፣ በሚካኤል ዋዜማ፣ ሙሉ ማዳበሪያ ጭኖ ዳባት ገባ። በዚያ ሳምንት ናፍጣ ጠፍቶ መኪናዎች በማደያው ሰልፍ ያድራሉ፤ በገዱም ታንከር ውስጥ የቀረው ጥቂት ነበር። የሚያራግፍበት መጋዘን ከመንገዱ ዝቅ ብሎ፣ በድንጋይ ግንብ የታጠረ ነው። የተሳቢውን ጀርባ ወደ መጋዘኑ አዙሮ ተዳፋቱ ላይ አቆመ፤ እርሱም በአየር የሚይዘውን የእጅ ፍሬን ሳበ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ዝናቡ ሲጠና ጫኝና አውራጆቹ ሮጠው ከመጋዘኑ ጣሪያ ሥር ተጠለሉ። ገዱ ዝናቡ እስኪያባራ ናፍጣውን ልቆጥብ ብሎ ሞተሩን አጠፋ።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ። ዝናቡ ጋብ ሲል ገዱ የተሳቢውን የኋላ መዝጊያ፣ ስፖንዳውን፣ ሊከፍት በግንቡና በተሳቢው መካከል ገባ። ያዩት ሰዎች እንደሚሉት መኪናው የተንደረደረ እንኳ አይመስልም ነበር። ቀስ ብሎ፣ የደከመው ሰው ጀርባውን እንደሚያስደግፍ ነው ወደ ኋላ የሄደው። ድንጋዩ ጭቃው ላይ ተንሸራተተ። አንዱ አውራጅ “ገዱ!” ብሎ ጮኸ። ገዱ ዞሮ በሁለት እጁ ተሳቢውን ለመግፋት ሞከረ።

ሞተሩን አስነስተው፣ አየሩ እስኪሞላ ጠብቀው ተሳቢውን ከላዩ እስኪያነሱ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ያን ሁሉ ጊዜ ነፍሱ አልወጣችም ነበር። ዘቢደርን ጠርተዋት ደርሳለች። እጁን ይዛ ነው የሞተው።

ደርቤ ወሬውን የሰማው ከካሳነሽ ነው። ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ትከሻውን ይዛ፣ ሁለቴ ነገረችው። መጀመሪያ ሲሰማ ፍሬኑን ሳይሆን ገዱን ጠረጠረ፤ የእጅ ፍሬን ረስቶ ይሆናል አለ። በማግስቱ ከቀብር ሲመለሱ መጋዘኑ ጋ ሰዎች መኪናውን ከበው ቆመው አገኘ። መካኒክ ከሥር ገብቶ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተናገረ።

“ይህ የዛሬ አይደለም፤ ወራት አልፎታል። ቫልቩ ተሰንጥቋል። አሁን ሞተሩን አስነስቼ ሳጠፋው ስሙት።”

አጠፋው። ደርቤ የሰዎቹን ፊት አየ። ሁሉም እየሰሙ ነበር። አንዲት ወይዘሮ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ደርቤ ብቻ ምንም አልሰማም። ጎንበስ ብሎ በጉልበቱ ሄደና መካኒኩ ያሳየው ቦታ ላይ መዳፉን ዘረጋ። ቀዝቃዛ አየር ጠንከር ብሎ እጁን መታው። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት የዘቢደር ከንፈር ትዝ አለው፤ ምን ብላ እንደጠየቀችው ያን ጊዜ ገባው። ጭቃው ላይ እንደተንበረከከ ቆየ። ሰዎች ደግፈው አነሱት።

በሳምንቱ ወሬው ደባርቅን፣ ዳባትን አዳረሰ። ደርቤ ከደላላው ተካፍሎ በላ አሉ። ሰፈር የሚሰማውን ፉጨት እርሱ እንዴት አልሰማም? ዘቢደር ጠይቃው የለም? ምንም የለበትም፣ ግዙት አላለም? ስሜነህ ደግሞ ቀብር ሳይደርስ ጎንደር ገብቶ ስልኩን ዘጋ። ፖሊስ የሁሉንም ቃል ተቀበለ፤ አደጋ ነው ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ሰው ግን አልዘጋም። ደርቤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አጠገቡ የሚቆም ጠፋ። ሰላምታ ሲሰጥ የሚመልስለት መኖሩን ለማየት የሰዎችን ከንፈር ያይ ጀመር፤ ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም።

“ንገራቸው” አለችው ካሳነሽ።

“ምን ብዬ? አሁን የሚያምነኝ አለ?”

“ባያምኑህም ንገራቸው።”

“በስተርጅናዬ ሌባ ተብያለሁ። ደንቆሮ ልባል ደግሞ ትያለሽ?”

ካሳነሽ ይህን ጊዜ ተቆጣች። በአርባ ዓመት ትዳራቸው እንዲያ ተቆጥታ አታውቅም። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው።

“ስለ አንተ አይደለም። ዘቢደር ባሌን ሸጡት ብላ ነው የምታስብ። ደርቤና ስሜነህ ቁጭ ብለው ተዋውለው ሸጡት ብላ ነው ሌሊት የምታድር። ይህን እያወቅህ ዝም ትላለህ? እኔም ዝም ብያለሁ። ለአራት ዓመት ከጎንህ ተቀምጬ ጥያቄ ስደግምልህ እኔም አብሬህ ዋሽቻለሁ።”

ደርቤ ለሦስት ቀን ከቤት አልወጣም። በአራተኛው ቀን የዘቢደር የነፍስ አባት ወደሆኑት ወደ ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ ሄዶ፣ ከገዱ አርባ በኋላ ሽማግሌ ተሰብስቦ ቃሌን ይስማኝ አላቸው።

የተሰበሰቡት ዳባት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር ነው። የገዱ ዘመዶች በአንድ ወገን፣ ሽማግሌዎቹ በአንድ ወገን ተቀመጡ። ዘቢደር ጥቁር ለብሳ፣ ጸጉሯን ተላጭታ ከሴቶቹ መካከል ነበረች። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ጉሙ ከገደሉ እየተነሣ ቅጥሩን ይሸፍንና ይገልጥ ነበር።

ደርቤ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

“ከደላላው አንዲት ሳንቲም አልበላሁም። ግን ጥፋቱ የእኔ ነው። ጆሮዬ አይሰማም። አራት ዓመት ሆነው። ሞተር እሰማለሁ፣ የወንድ ድምፅ እሰማለሁ፤ ቀጭን ነገር አልሰማም። ያን ፉጨት አልሰማሁትም። ዘቢደር ስትጠይቀኝም አልሰማኋትም፤ ድገሚልኝ ማለት አፈርሁ። ስሜ እንዳይጠፋ ብዬ ነው። ይኸው ነው።”

ከዚያ ከገዱ ዘመዶች አንዱ ብድግ አለ።

“ዛሬ ደነቆርሁ አለ! እኔ የምናገረውን እየሰማ አይደል? ሲመቸው የሚሰማ፣ ሳይመቸው የሚደነቁር ጆሮ ነው ያለው!”

ጉርምርምታ ተነሣ። ሁለት ሦስት ሰው “እውነቱን ነው” አለ። ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸውና ወደ ዘቢደር ዞሩ።

“ልጄ፣ አንቺ ታምኝዋለሽ?”

“አላምነውም” አለች ዘቢደር። “ጀርባውን ያዙርልኝ።”

ቄሱ “እንፈትንህ” ብለው ደርቤን ወደ ጽዱ አዞሩት። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ ግንዱ አድርጎ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ዘቢደር ተነሥታ መጥታ ሦስት እርምጃ ያህል ከኋላው ቆመች።

“አያ ደርቤ” አለች።

አልዞረም።

“አያ ደርቤ፣ ልጆቹ አባታችን መቼ ነው የሚመጣው ሲሉኝ ምን ልበላቸው?”

አልተነቃነቀም። ዘቢደር አንድ እርምጃ ቀረበች። ድምፅዋ ቀጥኖ፣ ተሰንጥቆ፣ ከቅጥሩ ውጪ ድረስ ተሰማ።

“ደርቤ! ገዱን የገደልኸው አንተ ነህ! ልጆቼን የበላኻቸው አንተ ነህ! እግዜር ይይልኝ!”

ሴቶቹ ጭንቅላታቸውን ያዙ። ያ የተቆጣው ዘመድ ተቀመጠ። ደርቤ ግን ግንዱን እያየ፣ ትከሻውን ቀጥ አድርጎ፣ ፈተናው እስኪጀመር ይጠብቅ ነበር። ብዙ ቆየበት መሰለው። ሳይዞር ጠየቀ።

“ጀመራችሁ?”

አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ካሳነሽ ከሴቶቹ መካከል ሆና በግልጽ ታለቅስ ነበር። ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ ሄደው ትከሻውን ነኩት፤ ሲዞር ዘቢደርን እንዲያ ቀርባ፣ ፊቷ እንዲያ ሆኖ ሲያያት የሆነው ገባው። ምን እንዳለችው ማንንም አልጠየቀም።

ዘቢደር መሬት ላይ ተቀመጠች። “ጉቦ በልተህ ቢሆን ረግሜህ ይወጣልኝ ነበር” አለች፣ ለእርሱ ይሁን ለራሷ በማይለይ ድምፅ። “አሁን እኔ ማንን ልርገም? ሰምቼው ነበር። በጆሮዬ ሰምቼው ነበር እኮ። ገዱም ሰምቶት ነበር።”

ሽማግሌዎቹ ብዙ አላከራከሩም። ደርቤ የእርሻ መሬቱን እኩሌታ ለገዱ ልጆች ማሳደጊያ እንዲለቅ፣ ስሜነህም ተፈልጎ እንዲጠየቅ ወሰኑ። ደርቤ መሬቱን በዚያው ሳምንት ለቀቀ። ስሜነህ ከሁለት ወር በኋላ ሲገኝ፣ እኔ ሻጭ ነኝ፤ መርጦ የሰጣቸው እርሱ ነው አለ። ፉጨቱን ሰምተህ ነበር ወይ ሲሉት አዎ አለ። “ማንም አልጠየቀኝም” አለ። ከዚያ በላይ የደረሰበት ነገር የለም፤ ዛሬም ጎንደር መኪና ይሸጣል።

መኪናውን ዘቢደር ለሚነዳው ሰው አልሸጥም አለች። ብረት ገዢዎች መጥተው በኦክስጅን ቆራርጠው ወሰዱት። ተሳቢውን አንድ የወቀን ነጋዴ ገዛው።

ደርቤ ጎንደር ሄዶ ታየ። ሐኪሙ በዚህ ደረጃ መሣሪያው ብዙ አይረዳም አለው፤ ቢሆንም ጆሮ ላይ የሚሰካ አንድ ትንሽ መሣሪያ ሰጠው፤ ገበያ መካከልም ቢሆን እያደረገው ይወጣል። ከሩቅ አገር ወሬውን ያልሰማ ገዢ አልፎ አልፎ ይመጣበታል። “ጆሮዬ አይሰማም፤ ሌላ ሰው ፈልግ” ብሎ ከበር ይመልሰዋል። የሚነገረው ነገር ሳይገባው ሲቀር “አልሰማሁም፣ ድገምልኝ” ይላል፤ አንዳንዴ ሦስቴ፣ አራቴ።

በጥቅምት ዘቢደር ልጆቿን ይዛ ወደ እናቷ አገር፣ ወደ መካነ ብርሃን ልትሄድ እንደሆነ ካሳነሽ ሰማች። አውቶቡሱ የሚነሳው ከደባርቅ መናኸሪያ ነው። ደርቤ ልሂድ አላት፤ ካሳነሽም አልከለከለችውም። አብረው ሄደው ከመናኸሪያው ግንብ ጥግ፣ ከሰው ራቅ ብለው ቆሙ። ዘቢደር ፍራሽና ሁለት ጆንያ እህል ጣሪያ ላይ ስታስጭን፣ ሴት ልጆቿ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከአጠገቧ ቆመው ነበር። ትልቋ ደርቤን አየችውና የእናቷን ቀሚስ ጎተት አደረገች።

ዘቢደር ዞራ አየችው። አውቶቡሱ ውስጥ ትገባለች፣ ፊቷን ትመልሳለች ብሎ ሲጠብቅ ሕፃኑን ለትልቋ ልጇ ሰጥታ ወደ እርሱ መጣች። በጣም ቀረበች። ዓይኑን እያየች፣ ከንፈሯን እንዲያይ ቀስ አድርጋ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች ተናገረች።

“ይቅር አላልሁዎትም። ይሰማሉ?”

ደርቤ ራሱን ነቀነቀ።

“አንድ ቀን እል እንደሁ አላውቅም። አይጠብቁኝ።”

“እሺ” አላት።

ጥቂት ቆማ፣ የገባው መሆኑን ከፊቱ አረጋግጣ ተመለሰች። አውቶቡሱ ተነሣ። ደርቤ የሞተሩን ድምፅ እየሰማ፣ ከከተማው ወጥቶ ወደ ተራራው እስኪታጠፍ ድረስ ቆሞ አየው። ካሳነሽ ክንዱን ይዛ ወደ ቤት መለሰችው። መንገድ ላይ ምን አለችህ ብላ ጠየቀችው። አንዲት ቃል ሳይቀንስ ነገራት።